በወፏ እግር ላይ ያለው ወረቀት

በሙዚየሙ ምድር ቤት የደረቁ ወፎችን የሚጠብቁት ሽማግሌ፣ ጋዋናቸውን እስከ አንገታቸው ቆልፈው፣ እርሳሳቸውን ከጆሯቸው ጀርባ ሰክተው ይውላሉ። ዛሬ ሆዳቸው በቅናት አሯል። አንዲት ወጣት ተመራማሪ፣ ጉጉት ስትባል የኖረችውን የሞቃት ደን ወፍ በዘረመል መርምራ፣ ከጉጉት ወገን እንዳልሆነች አረጋግጣለች። ጋዜጣውም ሬዲዮውም እሷን እሷን ይላል።

«አባባ፣ አዲሱን ስም ጽፈው የወፏ እግር ላይ ያንጠልጥሉልኝ» አለቻቸው ወጣቷ ምድር ቤት ወርዳ።

ጥርስ ባዳ ነው፤ ሳቁላት።

እሷ በደረቀችው ወፍ እግር ላይ የታሰረውን አሮጌ ወረቀት ገለበጠችው። በጀርባው፣ ከሃያ ዓመት በፊት፣ በእርሳስ «የደረት አጥንቷ የጉጉት አይደለም» ተብሎ ተጽፏል።

«እንዴ! ይሄን ያወቀ ሰው ምነው ዝም አለ?»

«ፈሪ ቢሆን ነዋ፣ ልጄ» አሉና፣ እርሳሳቸውን ከጆሯቸው አውርደው፣ በዚያው የእጅ ጽሑፍ አዲሱን ስም ይጽፉ ጀመር።