አቦይ ኣባዲ ብቻቸውን የሰነጠቁት ጥድ

እኔ የወሎ ልጅ ነኝ፤ ስሜ ኑርሁሴን ይባላል። መቀሌ፣ ሰሜን ክፍለ ከተማ ውስጥ የፕላስቲክ ዕቃ እነግዳለሁ፦ ባልዲ፣ ጆግ፣ ሳፋ፣ የሕፃን ፖፖ። ዕቃዬን የምደረድረው በተከራየሁበት በአቦይ ኣባዲ ግቢ፣ በረንዳው ላይ ነው። አቦይ ኣባዲ ከወደቀው ጥዳቸው ጣውላ ላውጣ ብለው ከተነሡ ወዲህ ከእኔ ባልዲ የሚገዛ ሰው መጀመሪያ ሰጋቱራውን አራግፎ ነው የሚወስደው። ሰጋቱራ በልቻለሁ፣ ሰጋቱራ ለብሻለሁ፣ ለሱብሒ ስነሣ የውዱእ ውሃዬ ላይ ሰጋቱራ ሰፍፎ አግኝቻለሁ። ይህን ሁሉ የምለው ሰውዬውን ጠልቻቸው አይደለም። በዚህ ከተማ እንደ አባት የማያቸው እሳቸውን ነው፤ የሚያናድደኝም ይኸው ነው። ሌላ ሰው ቢሆን ኖሮ ቤት ቀይሬ እገላገል ነበር።

አቦይ ኣባዲ ዕድሜያቸውን በሙሉ የከባድ መኪና መካኒክ ነበሩ። ሚስታቸው ከጦርነቱ በፊት ዐረፉ። ልጃቸው ሠረቀብርሃን በጦርነቱ ሄዶ አልተመለሰም። ሴት ልጃቸው ራሄል አግብታ ዓዲግራት ትኖራለች። እዚህ ከተማ ያለቻቸው ዘመድ ታናሽ እህታቸው ዘቢብ ብቻ ናት፤ እሷም ከሑመራ ከነልጆቿ ተፈናቅላ መጥታ አንድ ትምህርት ቤት ግቢ ውስጥ ድንኳን ሥር ነው የምትኖረው። ከኋላ ያለችው ክፍል ለእሷ ተብላ ግድግዳዋ ተለስኖ፣ በሯ ተቀብቶ ነበር። ዘቢብ ዕቃዋን መሸከፍ ስትጀምር የየካቲት ንፋስ ትልቁን ጥድ ገንድሶ ጣሪያው ላይ አጋደመው። ሽማግሌው ራሳቸው በአንዲት ጠባብ ክፍል ነው የሚኖሩት። የእኔን ልልቀቅላት ብላቸው አሻፈረኝ አሉ፤ የሚኖሩት በእኔ ኪራይ ነውና መለመንም አልቻልኩም።

ታዲያ ነገሩ ቀላል ነበር። ግድግዳው ደኅና ነው፤ የጎደለው ጣሪያ ነው። ጥቂት የባሕር ዛፍ አጣና ማምጣት፣ የታጠፈውን ቆርቆሮ ማቃናት፣ መምታት፣ አለቀ። የሰፈሩ ሰው ሁሉ የሚያደርገው ይህንኑ ነው። አቦይ ኣባዲ ግን የተጋደመውን ግንድ በእግራቸው ነካ አድርገው፣ ያፈረሰው እሱ ነው፣ የሚሠራውም እሱ ይሆናል አሉ። ጥዱን ሚስታቸው ናቸው የተከሉት። ይህን ስለማውቅ ግንዱን የሚሰነጥቅ ሰው መፈለግ ጀመርኩ።

የአገሬ ልጅ ጀላሉ በውቅሮ መንገድ ላይ ባለ አንድ የእንጨት መሰንጠቂያ ቤት ውስጥ ይሠራል። እሱን ጠርቼ ግንዱን አሳየሁት። ጀላሉ ቅርፊቱን በጣቱ እየዳበሰ ዞረ፣ አንድ ቦታ ላይ ቆመ፣ ከዚያ ራሱን ነቀነቀ። የግቢ ዛፍ አንነካም አለኝ። የሚስማር ራስ አግኝቶ ነበር። እዚህ ሰፈር ሰፊው ግቢ የአቦይ ኣባዲ ስለሆነ፣ ሰርግም ይሁን ሐዘን ዳስ የሚጣለው እዚሁ ነበር። የሸራው ገመድ የሚታሰረው ጥዱ ላይ በሚመታ ሚስማር ነው። ዳሱ ሲፈርስ ገመዱ ይፈታል፤ ሚስማሩን ማንም አይነቅለውም፤ ዛፉ እየወፈረ ይውጠዋል። በውስጡ ስንት ዳስ እንዳለ ማን ያውቃል? የመሰንጠቂያው ምላጭ አንዱን ከነካ ዋጋ የለውም፤ ጀላሉም በዚህ እንጀራውን ሊያጣ አይፈልግም።

እኔ በዚህ ተስፋ ይቆርጣሉ ብዬ ነበር። አቦይ ኣባዲ ግን ደስ ያላቸው መሰለኝ። ውቅሮ ካለ ዘመዳቸው ባለ ሞተር መጋዝ ተውሰው መጡ። ቤንዚን በሃይላንድ ጠርሙስ ከመንገድ ዳር እየለቃቀሙ ሰበሰቡ። መጋዙ ከመስመር እንዳይወጣ ከአሮጌ የመኪና ባሌስትራ ብረት መምሪያ ሠሩለት። ግንዱን ለመገልበጥ ሰው ይፈልጋል ብዬ ስጠብቅ፣ የመኪና ክሪካቸውን ከሥሩ አስገብተው እያነሡ፣ ድንጋይ እየደገፉ፣ ብቻቸውን አገላበጡት። በከሰል ውሃ የተነከረ ክር ወጥረው ለቀቁትና ግንዱ ላይ ጥቁር መስመር ተሰመረ። ከዚያ ተንበርክከው ጀመሩ።

እውነቱን ልናገርና የመጀመሪያው ጣውላ ሲወጣ እኔም ሥራዬን ትቼ አይቻለሁ። ቅርፊቱ ወደ ጎን ሲወድቅ ውስጡ ቀላ ያለ፣ እርጥብ፣ ሽታው ግቢውን የሞላ ነበር። አቦይ ኣባዲ መጋዙን አጥፍተው መዳፋቸውን ከጫፍ እስከ ጫፍ አስኬዱት። ከልጃቸው ሐዘን ወዲህ ፊታቸው እንደዚያ ሲፈታ አላየሁም። ጠሩኝና ዳብሰው አሉኝ፤ ዳበስኩት። ፅቡቕ ነው አይደል አሉኝ። ጥሩ ነው አልኳቸው። በዚያ ቢያበቃ ኖሮ ይህን ሁሉ አላወራም ነበር።

አላበቃም። ቀኑን ሙሉ ለፍተው አንድ ጣውላ ያወጣሉ። አንዳንድ ቀን ያም የለም፤ ሰንሰለቱ ሚስማር ይነካና ጥርሱ ይረግፋል፣ የቀረውን ቀን በሞረድ ሲስሉ ይውላሉ። የተገኘውን ሚስማር በፒንሳ ነቅለው፣ አገላብጠው አይተው፣ ባዶ የወተት ቆርቆሮ ውስጥ ይጥሉታል። ይህ የራሄል ሰርግ ነው፤ ይህ የጎረቤታችን የገብረሃንስ ሐዘን ነው ይላሉ። ከዚያ የወጣውን ጣውላ መላግ ይጀምራሉ። ተልጎ ሲያልቅ ደግሞ በብርጭቆ ወረቀት። ጣሪያ ውስጥ ተደብቆ አይጥ ብቻ ለሚያየው እንጨት የብርጭቆ ወረቀት! አንድ ቀን የሻይ ብርጭቆዬን ጣውላው ላይ ባስቀምጥ፣ ቀለበት ይሠራበታል ብለው አንሥተው እጄ ላይ መለሱልኝ።

በግንቦት አጋማሽ ለወራጅና ለማገር የሚበቃ እንጨት ነበራቸው። ነገ ይመታሉ ስል፣ ይድረቅ አሉ። እርጥብ እንጨት ቢመታ ይጣመማል፤ ልክ ናቸው፣ ይጣመማል። ጥላ ውስጥ በየመካከሉ ዘንግ እያስገቡ ደረደሩት። እስኪደርቅ ቁጭ ከምል ብለው ደግሞ ለኮርኒስ መሰንጠቅ ጀመሩ። የእንጨት ኮርኒስ ማንም አልጠየቃቸውም። ዘቢብ የጠየቀችው የማያፈስ ነገር ነው። በየሳምንቱ መጥታ ልብሳቸውን አጥባላቸው ትሄዳለች፤ ጣውላውን ዳብሺ ሲሏት ትዳብሳለች፣ ያምራል ትላለች፣ የኋላውን ክፍል ክፍት ሰማይ ቀና ብላ ታያለች። እኔ ነኝ በእሷ ፋንታ የምቃጠለው።

ስለዚህ ሳላማክራቸው የእድራችንን ሊቀ መንበር ወልደጊዮርጊስን አነጋገርኩ። እሑድ ጠዋት ሰዎች ይዞ መጣ፤ መዶሻ ያለው መዶሻ፣ መሰላል ያለው መሰላል ተሸክሞ። ባሕር ዛፉንም እኛ እናመጣለን አሉ። እስከ ማታ ባለቀ ነበር። አቦይ ኣባዲ ሁሉንም በየስማቸው እየጠሩ ሰላም አሉ፣ ሻይ አስፈልተው አጠጡ፣ ቤተሰባቸውን ጠየቁ፣ ከዚያም አመስግነው እስከ በር ሸኟቸው። ሰዎቹ መሰላላቸውን እንደ ተሸከሙ ተመለሱ። ወልደጊዮርጊስ ሲወጣ በዓይኑ ገረመመኝ።

በሩ ሲዘጋ አልቻልኩም፣ ተናገርኳቸው። ክረምቱ እየመጣ ነው፣ እህትዎ ሸራ ሥር ናት፣ እርስዎ እዚህ እንጨት ሲያሹ ይውላሉ አልኳቸው። ድምፄም ከፍ ብሎ ነበር። እንደ ባለጌ ይቆጥሩኛል ብዬ ስጠብቅ ከኪሳቸው አንድ ቁራጭ ብረት አወጡ። አሮጌ ሚስማር አይደለም፤ ገና ያልዛገ ፌሮ ነው። አወቅሁት። የሠረቀብርሃን ሞት የተነገረ ዕለት ዳስ ስንጥል ወልደጊዮርጊስ ሲመታው ገመዱን የያዝኩት እኔ ነበርኩ። ያንን እንደ ሌሎቹ የወተት ቆርቆሮው ውስጥ አልጣሉትም።

«ኑርሁሴን ወደይ» አሉኝ፣ ልጄ ማለታቸው ነው፣ «በዚህ ግቢ ሰው ሲሰበሰብ ዳስ ይመስለኛል። ብቻዬን ስሆን ሥራ ነው።»

  ለጥቂት ቀን ሰጋቱራውን ያለ ማጉረምረም ጠረግሁ። ግን ንዴቴ አልሄደም፤ እንዲያውም ባሰብኝ። አሁን ሰውዬውን እያዘንኩላቸውም መናደድ ሊኖርብኝ ነው። ሐዘናቸው እውነት ነው፤ ሥራው እንደሚያሽራቸው በዓይኔ አያለሁ፤ የዘቢብ ድንኳንም እዚያው ቆሟል። ሌሊት ነፋስ ሲነሣ የማስበው የእሷን ሸራ ነው።

የሰኔ መጨረሻ ላይ የመጀመሪያው ከባድ ዝናብ ጣለ። በማግስቱ ጠዋት ዘቢብ መጣች፤ እስከ ጉልበቷ ጭቃ ነው፣ ጫማዋን በእጇ ይዛለች። ለልብስ ማጠቢያ የምትመጣበት ቀን አልነበረም። አቦይ ኣባዲ አስቀመጧትና፣ ምን ሆነሽ ሳይሏት፣ ወላሂ አልዋሽም፣ አዲሱን ጣውላ አመጡላት። እግሯን አላዩትም። ለኮርኒሱ ይበቃል፣ ለመስከረም ደርቆ ይደርሳል አሏት። እሷ እንደ ልማዷ ዳበሰችው። ያምራል አለች። እጇን ግን ከጣውላው ላይ አላነሣችም።

«ሓወይ» አለች ወንድሟን፣ «ይሄ ሁሉ ስንት ድንኳን ያለብሳል?»

አልገባቸውም። ለጣሪያ ነው እኮ አሏት።

«ከላይ የሚመጣውን በሸራ እንችለዋለን። ውሃው የሚገባው ከሥር ነው። ልጆቹን አቅፌ ቆሜ ነው ያደርኩት። መሬት ላይ የምናነጥፈው እንጨት እንድትሰጠኝ ነው የመጣሁት።»

እኔ በረንዳው ላይ ሆኜ የጠብ ቃላቴን አዘጋጀሁ። አሁን አይ ካሉ፣ ይድረቅ ካሉ፣ ዛሬ ከዚህ ቤት እወጣለሁ ብዬ ማልኩ። አቦይ ኣባዲ የዘቢብን እግር ያኔ ገና አዩት። ረጅም ጊዜ አዩት። ከዚያ ተነሡና ወደ ክምሩ ሄዱ፣ ከላይ ያለውን ጣውላ በአንድ ጫፉ አነሡ፣ ያነሡትን እንደ ያዙ ቆሙ።

«ኑርሁሴን፣ ያንን ጫፍ ያዝልኝ» አሉ።

ከየካቲት ጀምሮ አንድም ነገር ያዝልኝ ብለውኝ አያውቁም። ሮጬ ያዝኩ።

ጋሪ ጠርተን ሁሉንም ጫንነው፤ የወራጁንም፣ የማገሩንም፣ የኮርኒሱንም። ትምህርት ቤቱ ግቢ ስንደርስ በድንኳኖቹ መካከል ቡናማ ውሃ ቆሟል። ሴቶች ፍራሽ አጥር ላይ ሰቅለው ይጨምቃሉ። አቦይ ኣባዲ ሱሪያቸውን ሳይሰበስቡ የዘቢብ ድንኳን ውስጥ ተንበረከኩ። የመጀመሪያውን ጣውላ እንደ ልማዳቸው የተላገውን ፊት ወደ ላይ አድርገው አስተኙና የጭቃ ፍንጣቂ ቢያዩበት በጋቢያቸው ጫፍ ጠረጉት።

ዘቢብ አጠገባቸው ቁጢጥ አለች። እንዳይከፋቸው እንደ ፈራች ድምፅዋ ያስታውቃል።

«ለስላሳውን ወደ ታች አድርገው ሓወይ። ልጆቹን ያንሸራትታቸዋል።»

አቦይ ኣባዲ እጃቸው ጣውላው ላይ እንዳለ ቀሩ። ያን ፊት ለማለስለስ የዋሉበትን ቀን ሁሉ እኔ አውቃለሁ፤ እየተናደድኩ አብሬ ውያለሁና። ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። ደስ አላለኝም፤ ልቤ ተሰበረ። እሳቸው ግን ጣውላውን ገለበጡት። መጋዙ የቧጨረው ሻካራ ፊት ወደ ላይ መጣ፤ ለስላሳው ጭቃው ላይ ተኛ። ቀጥሎ ያለውን ሳትነግራቸው ገልብጠው አስተኙ። የእሷ ድንኳን ሲሞላ ወደሚቀጥለው ገቡ። እንጨቱ እስኪያልቅ ድረስ እሳቸው ያነጥፋሉ፣ እኔና ሴቶቹ እናቀብላለን። ሰው ከብቧቸው ነበር፤ ሁሉም ያወራል፣ ሁሉም ይጣራል። ቀና ብለው አላዩም፣ ግን አላባረሩም።

 ቤት ተመልሰን ግቢ ስንገባ በቀረው ጉቶ አጠገብ ቆሙ፤ ጉልበታቸው ላይ ያለው ጭቃ መድረቅ ጀምሯል።

«ወልደጊዮርጊስን ንገረው» አሉኝ። «እሑድ ሰዎቹን ይዞ ይምጣ። ባሕር ዛፍም ይምጣ።»

ደግሞ ሐሳባቸውን እንዳይለውጡ ፈራሁ፤ ቢሆንም ሳልጠይቃቸው ማለፍ አልቻልኩም።

«ዳስ ቢመስልዎትስ?»

ኪሳቸውን በመዳፋቸው ደበስ አደረጉ። ፌሮው እዚያው ነበር።

«ይምሰል» አሉኝ።

ቅዳሜ ከሰዓት ባልዲዎቼን አንድ በአንድ አራግፌ በግቢው ዙሪያ ደፋኋቸው፤ ለሚመጣው ሰው የሚበቃ መቀመጫ አልነበረንም።