በስክሪፕቱ ውስጥ የጨመርኩት ስም

ወንድሜ የትምህርት ቤቱን ኮምፒውተሮች የሚያስተካክል አንድ ስክሪፕት፣ ኮምፒውተር ተራ በተራ የሚፈጽመው የትእዛዝ ዝርዝር፣ ጽፎ ነበር። ሲያስነሱት መጀመሪያ ለእያንዳንዱ ማሽን በስሙ ፋይል ይከፍታል፤ ከዚያ በየስማቸው እየጠራ ለሁሉም አንድ ዓይነት ቅንብር ይሰጣል። ስሞቹን ከአገራችን ቦታዎች ያወጣው እሱ ነው፤ ጓሳ፣ ዘመሮ፣ ቀየት። እሱ ሲሞት ሥራውን ለእኔ ሰጡኝ። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሻለሁ። የቀረውን እሱ ነበር የሚያሳየኝ፤ ግማሹን አሳይቶኛል።

በተዝካሩ ሳምንት አዲስ ኮምፒውተር መጣ። በእሱ ይጠራ ብዬ የክርስትና ስሙን ስክሪፕቱ ውስጥ ጨመርኩ። በማግስቱ ስክሪፕቱ እምቢ አለ። ለአንዱም ማሽን ቅንብር አልሰጥ አለ።

ሦስት ቀን ታገልኩት። ገመዱን ነቀልኩ፣ መልሼ ሰካሁ። ከፍላሽ እንደገና ገለበጥኩ። መልሱ ያው ነው፤ «ገ» የሚባል ፎልደር የለም። ማነው ገ? ጠረጴዛውን በቡጢ መታሁት። የተጎዳው ግን እጄ ነው።

ርዕሰ መምህሩ ጋቢያቸውን ደርበው በሩ ላይ ቆሙ።

«ዛሬም?»

«ትንሽ ይታገሡኝ፣ ጋሼ።»

«ታገሥኩ እንጂ! ገብስ ቢሆን እስካሁን ተወቅቶ ጎተራ ይገባ ነበር። ነገ ከደብረ ብርሃን ባለሙያ ይመጣል፤ ያለውን አጥፍቶ ካዲስ ይጭናል።»

«የወንድሜን ሥራ?»

«ተማሪዎቹ ለፈተና መለማመድ አለባቸው፣ ልጄ።» ጋቢያቸውን አስተካከሉ። «ለእኔም አልቀለለኝ።»

ሲሄዱ ስክሪፕቱን ከላይ ጀምሬ አነበብኩ። እሱ የጻፈው ደህና ነው። የእኔ መስመር ላይ ስደርስ ቆምኩ። ስሙን ለተዝካሩ ለቄሱ ጽፈን እንደሰጠነው አሳጥሬዋለሁ፤ «ገብረ» በማለት ፈንታ «ገ/»። ቄሱ አላነሰባቸውም፤ ሙሉውን ጠርተው ነው የጸለዩለት። ለኮምፒውተሩ ግን ያች ያዘመመች ጭረት ፎልደርን ከፎልደር የምትለይ ናት። ስሙን ለሁለት ከፍሎ ሲፈልግ ነው የከረመው።

በትእምርተ ጥቅስ ከበብኩት። እምቢ። ሌላም ሞከርኩ፤ እምቢ። በመጨረሻ ጭረቷን አጥፍቼ ስሙን በሙሉ፣ አያይዤ ጻፍኩት።

ጓሳ ዝግጁ ነው። ዘመሮ ዝግጁ ነው። ቀየት ዝግጁ ነው። ቀጥሎ የእሱ ስም ወጣ፤ ዝግጁ ነው።

ሰውየው አይምጣ ልላቸው ለርዕሰ መምህሩ ደወልኩ።

«ሃሎ» አሉ። «ሃሎ? አንተ፣ ምን ሆንክ?»

የወንድሜን ስም በሙሉ ጠራሁና «ዝግጁ ነው፤ ሰውየው አይምጣ» አልኳቸው።