የጋሼ ንግግር በዲቪዲ

ካዛንቺስ የነበረው ሰፈራችን ሊፈርስ በተቃረበበት ሰሞን እድራችን የመሰነባበቻ ምሳ ደገሰ። ድንኳናችን ያለ ሬሳ ሲተከል ያየሁት ያኔ ብቻ ነው። የእድሩ ሰብሳቢ፣ ሰፈሩ በሙሉ «ጋሼ» የሚላቸው ጡረተኛ የጂኦግራፊ አስተማሪ፣ ንግግር አደረጉ። ስለ ሰፈራችን መበተን ሊናገሩ ተነስተው ከስምጥ ሸለቆ አፈጣጠር ጀመሩ። እናቴ በክርኗ ጎሸም ስላደረገችኝ በስልኬ ቀረጽኳቸው።

ከዚያ ግማሹ ሰው ወደ ገላን፣ ግማሹ ወደ አራብሳ ሄደ። እኛና ጋሼ ግን ቂርቆስ ቤት ተከራይተን ጉርብትናችን ቀጠለ። አንድ ቅዳሜ አስጠሩኝ።

«ያንን ንግግር በዲቪዲ አድርገህ ታመጣልኛለህ።»

«ጋሼ፣ በፍላሽ ባደርግልዎትስ?»

«ፍላሽ ቫይረስ ይይዘዋል።»

«በቃ በቴሌግራም ልላክልዎት።»

«ስልክ ይሰረቃል። ዲቪዲ ነጥቆ የሚሮጥ ሌባ አይተህ ታውቃለህ?»

አላውቅም። «አደራ ታዲያ፣» አሉኝ፣ «ጥራቱ እንዳይቀንስ። የግንባሬ መስመር ሳይቀር ይታይ።»

እኔ ባምቢስ አካባቢ አንድ ቢሮ ውስጥ ሪፖርት የምጽፍ ሰው ነኝ። እናቴ ግን «ልጄ ኮምፒውተር ነው የሚሠራው» ብላ ስላስወራች፣ ፋብሪካ ያለኝ የሚመስላቸው ጎረቤቶች አሉ። ለገሃር ሄጄ ባዶ ዲቪዲ ስጠይቅ ነጋዴው «ወንድሜ፣ እስካሁን የት ነበርክ?» አለኝና ከባንኮኒው ሥር አቧራ የለበሰ እሽግ አወጣልኝ። ላፕቶፔ የዲስክ ማስገቢያ የለውም፤ ሥራውን የጀመርኩት በቢሮው አሮጌ ኮምፒውተር ነው።

ጥራት ማለት ዲቪዲ በሚያዘጋጀው ፕሮግራም ላይ ያገኙትን ቁጥር ሁሉ ወደ ላይ መግፋት መስሎኝ ሁሉንም ገፋሁት። ዲስኩንም በከፍተኛው ፍጥነት ጻፍኩት። ጋሼ ቤት ወስጄ ማጫወቻ ዴካቸው ውስጥ ከተትኩት።

«የተከበራችሁ የእ… የእ… የእ…» አሉ ጋሼ በቴሌቪዥኑ። ከዚያ አፋቸውን ከፍተው፣ አንድ ዓይናቸውን ጨፍነው ቀጥ አሉ። ሚስታቸው በነጠላቸው አፋቸውን ሸፈኑ፤ ትከሻቸው ግን ይንቀጠቀጣል።

«እኔ እንዲህ ነው የተናገርኩት?»

«አይ ጋሼ፣ ማለቴ፣ ዲቪዲው ነው የሚንተባተበው።»

«ዕድሜዬን ሙሉ ሳስተምር ተንተባተብክ ያለኝ ሰው የለም! በሞትኩ ጊዜ ለቀስተኛው ይሄንን ነው የሚያየው?»

ተመልሼ ሁሉንም ቁጥር ወደ ታች አወረድኩት። አሁን ንግግሩ እንደ ውሃ ይፈሳል፤ የጋሼ ፊት ግን የመታጠቢያ ቤት ሴራሚክ መስሏል። አራት ማዕዘን አፍንጫ፣ አራት ማዕዘን ጺም።

«ይሄ ማነው?» አሉ።

«እርስዎ ነዎት።»

«ወንጀል ሠርቻለሁ እንዴ ፊቴን የምትሸፍነው?»

ያን ቀን ተናድጄ ወጣሁ። ለካ እልኸኛ ነኝ። ሰኞ ቢሮ ሪፖርቴን ትቼ ስለ ዲቪዲ ማንበብ ጀመርኩ። ስልኬ ሲቀርጽ በየሰከንዱ የሚያነሳው ሥዕል እኩል አይደለም፤ አንዴ ይበዛል፣ አንዴ ያንሳል። ዴክ ደግሞ እኩል እኩል ካልመጣለት ይደናበራል። ስለዚህ መጀመሪያ ቪዲዮውን እንደ አገራችን ቴሌቪዥን በሰከንድ ሃያ አምስት ሥዕል ላይ አስተካከልኩት። ቀጥሎ በየሰከንዱ የሚጫነውን የመረጃ መጠን መሃል ላይ አደረግኩ። የጋሼ ዴክ አርጅቷል፤ በትልልቁ ካጎረሱት ያንቀዋል። ፕሮግራሙ ቪዲዮውን ሁለቴ እንዲያየው አዘዝኩ፦ መጀመሪያ አጥንቶ፣ ቀጥሎ እንቅስቃሴ ለበዛበት ቦታ ብዙ፣ ለረጋው ጥቂት እንዲያካፍል። ዲስኩንም በዝቅተኛው ፍጥነት ጻፍኩት። በዚያ ሁሉ ሰዓት አለቃዬ በትጋቴ ተደስቶ ሁለቴ ራሱን ነቀነቀልኝ።

እሑድ እናቴን አስከትዬ ሄድኩ። ዲስኩ ገባ። ጋሼ ብቅ አሉ፤ ጥርት ያሉ፣ ከነግንባራቸው መስመር። አንድም ቦታ አልተንተባተቡም።

«ይኼ ነው!» ብለው ጉልበቴን መቱኝ።

ችግሩ፣ ጥራት ሲመጣ ለሳቸው ብቻ አይመጣም። ከኋላቸው ያለውም ሁሉ ታየ። ምክትላቸው ያዛጋሉ። ጸሐፊዋ ስልኳን ትጎረጉራለች። የእድሩ ገንዘብ ያዥ፣ የጋሼ የልብ ወዳጅ፣ አንገታቸውን ወደ ኋላ ጥለው፣ አፋቸውን ከፍተው ድብን ብለው ተኝተዋል። በዚህ መሃል አንዲት ሴትዮ ሳህን ይዘው ከበስተጀርባ እያጎነበሱ ወጡ።

«አንቺ!» አሉ ጋሼ ወደ ሚስታቸው ዞረው። «የት እየሄድሽ ነው?»

«ወጥ ላስጨምር።»

«በንግግሬ መሃል?»

«ስምጥ ሸለቆ ውስጥ ነበርክ። ስመለስም አልወጣህም።»

እናቴ ሳቋን ወደ ሳል ለመቀየር ሞከረች፤ አልሆነላትም። ጋሼ ሪሞቱን አነሱ። ያን ሁሉ ያደከሙኝ ሰው አሁን ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «ስማ፣ ከኋላ ያለውን ብቻ ትንሽ ማደብዘዝ አይቻልም?» አሉኝ።

«ይቻላል ጋሼ። ጥራቱ ግን ይቀንሳል።»

ጋሼ ምስሉን አቁመው ገንዘብ ያዡን ያዩ ጀመር። ሰውየው ገላን ከሄዱ ወዲህ አልተገናኙም። ድሮ በየቀኑ ይጨቃጨቁ ነበር፤ አሁን የሚጨቃጨቃቸው ሰው የለም። ምስሉን ወደ ኋላ መልሰው ደግመው አዩት። የወዳጃቸው ጭንቅላት ቀስ እያለ ሲወድቅ የጋሼ ከንፈር ተንቀጠቀጠ። ሊያለቅሱ ነው ብዬ ስሰጋ በሳቅ ፈነዱ። እንባቸውን በእጃቸው ጀርባ እየጠረጉ ስልካቸውን አንስተው ደወሉ፤ ድምፁንም ለሁላችንም ከፈቱልን።

«አንተ እንቅልፋም! በቴሌቪዥን እያየሁህ ነው!» ብለው ጮኹ።

 ከወዲያ በኩል ወንበር ሲንቋቋ፣ ሰው ተደናግጦ ሲነሳ ተሰማ።

«የቱ ጣቢያ ላይ?» አሉ ገንዘብ ያዡ።