ሰሎማት ፒያኖ ስትመርጥ

ሰሎማት ሳማርቃንድ ውስጥ በአንድ የሙዚቃ ትምህርት ቤት ሠላሳ አንድ ዓመት በጽዳት ሠርታለች። አሥራ ሁለት ፒያኖ በየቀኑ ስትወለውል ኖራ፣ አንዱንም ተቀምጣ ተጫውታ አታውቅም። ጡረታ በወጣች ማግስት ለባሏ ለኤርጋሽ ሻይ እየቀዳች፣

«የልጆቹ አባት፣ ፒያኖ ልገዛ ነው» አለችው።

«ለማን?»

«ለራሴ።»

ኤርጋሽ ሳቀ። እሷ እንዳልሳቀች ሲያይ ሳቁን ዋጠው። በነጋታው ግን የፒያኖ ሊቅ ሆኖ ተነሣ። ዕድሜውን ሙሉ ከአውቶቡስ መሪ ሌላ የጨበጠው ነገር ባይኖርም፣ ሻይ ቤት ሄዶ ሁለት ወዳጆቹን አማከረ። አንዱ በግ ነጋዴ ነው፤ ሌላው ጆሮው አይሰማም። መብራቱ ብልጭ ድርግም የሚለው የኤሌክትሪክ ፒያኖ እንደሚሻል ተስማሙ።

እዚያው ሕንፃ አምስተኛ ፎቅ የምትኖረው የፒያኖ መምህርት ኢኖባትም ወሬው እንደደረሳት ወረደች።

«በኤሌክትሪክ የሚሠራ ፒያኖ ነፍስ የለውም፣ ሰሎማት። ነፍስ ያለው እኔ ቤት አለልሽ፤ ልሽጥልሽ።»

«ያ ጥርሱ የረገፈው?»

«የረገፉት አራት ናቸው። ጀማሪ ደግሞ ሁሉንም አይነካም።»

«ከአምስተኛ ፎቅ ማን ያወርደዋል?»

«እሱ የገዢው ጣጣ ነው።»

ቅዳሜ ባልና ሚስት ሱቅ ሄዱ። ሻጩ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ እጅ ነሣና፣ «ኦፓ፣ እትዬ፣ እንኳን ደህና መጡ! ልጁ ስንት ዓመቱ ነው?» አለ።

«ሃምሳ ዘጠኝ» አለችው።

ሻጩ እንዳልሰማ ሆኖ ስድስት መቶ ድምፅ ያለው ቀይ ኪቦርድ ከፈተ። ውሻ ይጮኻል፣ ባቡር ያፏጫል፣ ሕዝብ ያጨበጭባል። ኤርጋሽ አንዷን ቁልፍ ቢነካ ሙሉ ኦርኬስትራ ተነሣ፤ ጣቱን ካነሣ በኋላም ቀጠለ።

«አየሽ?» አለ ፊቱ በርቶ፣ «ተሰጥኦ ማለት ይሄ ነው!»

ሰሎማት የሻሿን ጫፍ ይዛ ቁልፎቹን ከግራ እስከ ቀኝ ወለወለቻቸው።

«ይሄ ላባ ነው። የእውነቱ ፒያኖ በግራ ይከብዳል፣ በቀኝ ይቀላል። ደግሞ ይጎድላል፤ ቁልፉ ሰማንያ ስምንት መሆን አለበት።»

«ለጀማሪ ይበቃል እኮ፣ ኦፓ።»

«ጀማሪ ጣት የለውም?»

ሱቁን እየወለወለች ዞረችው። ጥግ ላይ አቧራ የጠጣ፣ መብራት የሌለው ጥቁር ዲጂታል ፒያኖ አገኘች። ቁልፉ ጣቷን ገፋ አደረጋት። ቀስ ብላ ስትነካው አንሾካሾከ፤ ስትጫነው ጮኸ።

«ይሄን ስጠኝ።»

ዋጋው ከቀዩ ስለሚያንስ ሻጩ ፊቱ ጠቆረ። «ይሄ ያለው ስምንት ድምፅ ብቻ ነው!»

«እኔ የምፈልገው አንዱን ነው።»

ፒያኖው ቤት ከገባ ወዲህ ሰሎማት በጆሮ ማዳመጫ ስለምትለማመድ፣ ከክፍሏ የሚሰማው የቁልፎቹ ኳ ኳ ብቻ ሆነ። በጣም የተቸገረችው ኢኖባት ናት፤ በሩ ላይ ጆሮዋን ብትለጥፍም የምታርመው ስሕተት አጣች።

በአራተኛው ወር ሰሎማት ሁለቱን ጠርታ ማዳመጫውን ነቀለች። ልጆች በመጀመሪያው ዓመት የሚማሯትን አጭር ዜማ ጀመረች። ሁለቴ ተሳሳተች፣ ከመነሻው ጀመረች፣ ጨረሰችም። ኤርጋሽ ጺሙን እየነካካ ወደ መስኮቱ ዞረ።

ኢኖባት ጉሮሮዋን ጠራረገች። «ግራ እጅሽ ይዘገያል።»

«ይዘግይ። መምጣቱ ይበቃል።»

ከዚያ ወዲህ ኢኖባት ማክሰኞ ማክሰኞ ልታስተምራት ትወርዳለች። ክፍያዋ አንድ ሳህን የሥጋ ሩዝ ነው። ሁለተኛ ሳህን ሲያምራት ትምህርቱን ታራዝመዋለች።