አዳራሹ የቆመለት ጊታር

ፈንታሁን ደብረ ታቦር ገበያ ዳር ጫማ ሰፊ ነበር፤ በአውራጃው የኪነት ቡድን ውስጥ ደግሞ ክራር መቺ። መቺ ይባል እንጂ የሚያውቀው ሦስት ዓይነት ምት ብቻ ነው። አያፍርበትም። ስለ ቀበሌ ሱቅ ሰልፍ ያወጣት ዘፈን ሁለት ደቂቃ አትሞላም። እየጮኸ ይጀምራታል፣ እየጮኸ ይጨርሳታል፣ ከመድረክ ይወርዳል።

የሚንቀው ጋሼ ማሬን ነው። ማሬ በአዲስ አበባ ሆቴሎች ጊታር ሲጫወት ኖሮ ወደዚሁ ቡድን የመጣ፣ ከተማው በሙሉ «ጣቱ ወርቅ» እያለ የሚያሞጋግሰው ሰው ነው። ዘፋኟ አንድ ስንኝ ሳትጨርስ ዓይኑን ጨፍኖ ይገባና ብቻውን ይጋልባል፤ እሷ ማይክሮፎኗን እንደያዘች ተገትራ ትቀራለች። ይህ ጣት ማሳየት እንጂ ሙዚቃ አይደለም ይል ነበር ፈንታሁን፣ ሶል እየወጋ። እውነቱን ነው። ሰው ጎበዝም አሰልቺም መሆን እንደሚችል ማሬን የሰማ ያውቃል።

በ1972 ዓ.ም. ለጎንደር ውድድር ምርጫ ተደረገ። ፈንታሁን ያቺን ዘፈኑን ጎንደር ላይ ለማሰማት እንቅልፍ አጥቶ ነበር የከረመው። ተራው ግን ከማሬ ቀጥሎ ነው፣ ምርጫውም ስድስት ሰዓት ላይ ያበቃል።

ማሬ ዝግ ባለ፣ ከበድ ባለ ዜማ ጀመረ። ፊት ወንበር ላይ የነበረው ካድሬ ጓድ ታደሰ የወዝአደሩ መዝሙር መሰለውና ብድግ ብሎ ግራ እጁን ጨብጦ ወደ ላይ አነሣ። አዳራሹም ተከትሎት ተነሣ። መዝሙሩ አለመሆኑ ከታደሰ በቀር ለሁሉም ወዲያው ገብቶታል፤ ግን ቀድሞ እጁን የሚያወርድ ጀግና ከየት ይምጣ? ማሬ ዓይኑን ገለጥ ቢያደርግ ሕዝቡ ሁሉ ቆሟል። ለእሱ የቆሙለት መሰለውና ጨመረበት። ሩብ ሰዓት አለፈ። አሮጊቶቹ ግራ ክንዳቸውን በቀኛቸው ደግፈው ያቃስታሉ፣ እሱ ጭራሽ ሌላ ዜማ ያመጣል።

ፈንታሁን ስድስት ሰዓት ሊሞላ መሆኑን ሲያይ ንዴቱን መቻል አቃተው። መድረኩ ላይ ዘሎ ወጣና ክራሩን እየመታ ዘፈኑን ለቀቃት። ሰዉ እፎይ ብሎ ተቀመጠ።

በማግስቱ መዝሙር አቋርጠሃል ተብሎ እዚያው አዳራሽ ለግለሂስ ቆመ። ጥፋቱን ካመነ ጎንደር ይሄዳል፣ ካላመነ ከቡድኑ ይሰረዛል። ማሬ የራሱ ጨዋታ መዝሙር መባሉን የሰማው ገና እዚያ ነው።

«ጓዶች፣ መዝሙሩን አውቀዋለሁ» አለ ፈንታሁን። «መዝሙሩ ማለቂያ አለው።»

አዳራሹ በሳቅ አውካካ። ታደሰ ግን አልሳቀም። ፈንታሁን ተሰረዘ፣ ጎንደርም ቀረች።

ሲወጣ ማሬ በር ላይ ጠበቀው። ፊቱ አመድ መስሏል።

«እስቲ እውነቱን ንገረኝ፤ ለእኔ አልነበረም የቆሙት?»

ፈንታሁን አራት ዓመት ሙሉ ለዚህ ሰው ያጠራቀመው ስድብ ነበረው። አንዱንም አላወጣም።

«ለእርስዎ አልነበረም፣ ጋሼ» አለው።