እምቢ ያልኩት ተራራ

ካርታው የተዘረጋው እኔ ቤት፣ እኔ ጠረጴዛ ላይ ነው። በላዩ የሚሄደው ጣት ግን የልጄ ባል አባት ጣት ነበር።

"ከዚህ በጀልባ እንወርዳለን" አለ በጣልያንኛ፣ የሜኮንግን ወንዝ በጥፍሩ እየተከተለ። "ከዚያ ወደ ሰሜን፣ ወደ ተራራው። ሁለት ቀን በእግር። በሦስተኛው ቀን ማለዳ ጊቦኖቹን እንሰማለን።"

ጊቦን በሰሜን ላኦስ ጫካ የሚኖር፣ ጅራት የሌለው፣ ክንደ ረጅም የዝንጀሮ ዘመድ ነው። ማለዳ ማለዳ ወንዱና ሴቷ እየተቀባበሉ ይዘፍናሉ ይባላል። ሰውዬው ይህን ለማስረዳት ቃል አልበቃው ብሎ ሹካውን አስቀመጠና አንገቱን ወደ ላይ ቀና አድርጎ "ሁውውውፕ!" ብሎ ጮኸ። ልጄ እንባዋ እስኪመጣ ሳቀች። ባሏም ሳቀ። ባለቤቴ እንኳ አፏን በመሐረብ ሸፍና ሳቀች። እኔ ዳቦ ቆረስኩ።

እንዲህ ያለ ሳቅ ከልጄ አፍ እኔ አውጥቼ አላውቅም።

አስመራ ውስጥ በአማርኛ ስማር ሰባተኛ ክፍል ላይ ትምህርቴ ተቋረጠ። ከዚያ ወዲህ ያወቅሁትን ያወቅሁት በራሴ ነው። ሮም፣ ኤስኲሊኖ ሰፈር በአንድ ትልቅ ሕንፃ በር ላይ ፖርቲዬሬ፣ ማለት በር ጠባቂ ሆኜ ሠላሳ ዓመት ስሠራ፣ ነዋሪዎቹ ቤት ሲለቁ ከቆሻሻው ጎን የሚያስቀምጧቸውን መጻሕፍት እየለቀምኩ አነበብኩ። ጣልያንኛን እንኳ ያወቅሁት ሽፋኑ ከተቀደደ የጂኦግራፊ መጽሐፍ ነው። ልጄንም ያሳደግኳት እንዲሁ በራሴ መንገድ፣ በምክር ነው። በሰው ዕድል አትቅኚ፣ አዎ ካልሽ አዎ፣ አይ ካልሽ አይ ይሁን፣ ቃል አንድ ነው እያልኩ። ሮም ተወልዳ ሮም ብታድግም "አባባ፣ እርስዎ" ብላ እንድትጠራኝ አድርጌያለሁ። የባሏን አባት ግን በጣልያንኛ "አንተ" ትለዋለች፤ ስትገባም አንገቱን አቅፋ ነው።

ይህን ሁሉ የማወራው ለምን ያ ጣት እንዳቃጠለኝ እንዲታወቅ ነው። ያ ጉዞ የእኔ ነበርና።

ባለፈው መስከረም ልጄ ከሥራ ስትመለስ ወደምጠብቀው በር መጣች። በፖርቲዬሬው ክፍል ከእኔ ወንበር ሌላ አንዲት ዱካ አለች፤ እሷ ላይ ተቀመጠች።

"አባባ፣ ፔንሲዮኔ ሲወጡ፣ ለጡረታዎ ስጦታ አለኝ" አለች። "ሁልጊዜ ስለ ተራራ ያወራሉ። በመጋቢት ላኦስ ልወስድዎት ነው። እኔ፣ ባሌና እርስዎ። ተራራ አለ፣ ጫካ አለ፣ መነኮሳት አሉ። እማማን ጠይቄያት ጉልበቴን ያመኛል ብላለች።"

ልቤ ዘለለ። አፌ ግን እንዲህ አለ፦ "አይ ልጄ፣ እኔ ሽማግሌው እዚያ ምን አደርጋለሁ? እናንተ ሂዱ፣ ተደሰቱ።"

"እርግጠኛ ነዎት?"

"እርግጠኛ ነኝ።"

"ቫ ቤኔ፣ እሺ" አለች፤ ቦርሳዋን አንሥታ ሄደች።

እኛ ባደግንበት አገር ምሳ ላይ ደርሰህ "ቅረብ" ሲሉህ "በልቻለሁ" ትላለህ። ርቦህ ዓይንህ ቢጨልም እንኳ በልቻለሁ ትላለህ። "በሞቴ!" ሲሉህ "ኧረ ጠግቤያለሁ" ትላለህ። በሦስተኛው ተነሥተህ እጅህን ትታጠባለህ። በመጀመሪያው ጥሪ የሚቀመጥ ሰው ስሙ ሆዳም ነው። ልጄን ስንቱን ነገር ሳስተምር ይህን አላስተማርኳትም። እኔንም ማንም ቁጭ አድርጎ አላስተማረኝም፤ የሚማሩት ነገር አልመሰለኝም ነበር። ያስተማርኳት ሌላውን ነው፦ አይ ካሉ አይ ነው። እሷም አባቷን አመነች።

ሳምንት ጠበቅኳት፤ ሁለተኛውን ጥያቄ። ሁለት ሳምንት ጠበቅኳት። በሦስተኛው ሳምንት ባለቤቴ ሽንኩርት እየላጠች ነገረችኝ።

"ላኦስ የባሏን አባት ጠየቀችው አሉ። ጥያቄውን እንኳ አላስጨረሳትም። 'መቼ ነው የምንሄደው?' አለ።"

"ደህና" አልኩ።

"ምነው? አንተ አይደለህ እምቢ ያልከው?"

"እምቢ ያልኩት እኔ ነኝ። ደህና አልኩ እኮ።"

የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም።

ሰውዬው ክፉ ቢሆን እንዴት በቀለለኝ! ሚስቱ የሞተችበት፣ ዕድሜውን በአብሩዞ ተራሮች የደን ጠባቂ ሆኖ የኖረ፣ ወፍን በድምፁ የሚለይ ሰው ነው። ቤቴ ባዶ እጁን መጥቶ አያውቅም፤ አይብ ይዞ ይመጣል። መጻሕፍቴን ካየ ጀምሮ "ፕሮፌሶሬ" ይለኛል። እንደ ንቀት ቆጠርኩበት። ሲስቅ ቀናሁ፣ ሲበላ ቀናሁ፤ ጫማውን በር ላይ ሲያወልቅ እንኳ የጫማውን ሶል አይቼ ቀናሁ። ጭቃ የጠገበ፣ ተራራ የሚያውቅ ጫማ ነበር። የእኔ ጫማ የሚያውቀው ደረጃ ነው።

ካርታው ቤቴ ከተዘረጋበት እሑድ በኋላ ቤተ መጻሕፍት መሄድ ጀመርኩ። ለማንም አልተናገርኩም። ስለ ላኦስ ያገኘሁትን ሁሉ አነበብኩ፤ ደብተር ገዝቼም ጻፍኩ። ጥጥ የሚፈትሉና በሰማያዊ የሚነክሩ ሴቶች ያሉባቸውን መንደሮች ጻፍኩ። በሉዋንግ ፕራባንግ ከተማ መነኮሳቱ ሲነጋ በባዶ እግራቸው ተሰልፈው ምጽዋት እንደሚቀበሉ፣ የሚሰጠውም ሰው ዝቅ ብሎ ዝም ብሎ እንደሚሰጥ ጻፍኩ። ጊቦን ምን እንደሚበላ ጻፍኩ። የማልሄድበትን አገር እንዲህ ማጥናት የእብድ ሥራ ነው። እኔ ግን ሰውዬው ካርታው ላይ ሲሳሳት በልቤ ማረም ፈለግኩ። ለሌላ አይደለም፤ በልቤ ብቻ።

አንድ ቀን ስለ አየር ጠባይ የሚያወራው ምዕራፍ ላይ ደረስኩ። በሰሜን ላኦስ በየካቲትና በመጋቢት ገበሬዎቹ ለሩዝ የሚሆን መሬት ለማዘጋጀት የቆረጡትን ጫካ ያቃጥላሉ፤ ጭሱ እስከ ሚያዝያ ሸለቆዎቹን ይሞላል፤ ተራራው በቅርብ እንኳ አይታይም ይላል። ጥሩው ወቅት ከኅዳር እስከ ጥር ነው።

እነሱ የሚሄዱት በመጋቢት ነው።

መጽሐፉን ዘጋሁና ደስ አለኝ። ይህን ስጽፍ እጄ ይከብደኛል፤ ግን ደስ አለኝ። ጣቱን በካርታው ላይ የሚያስኬደው ሰው ጭስ ውስጥ ቆሞ "ሁውፕ" ሲል ታየኝ። ልጄም ተቀይማ "አባባን ይዤ በመጣሁ" ስትል ታየኝ።

ልጄ ከሕፃንነቷ ጀምሮ አስም አለባት። ይህን ያኔ አላሰብኩም ብል እዋሻለሁ። አስቤ አለፍኩት። መድኃኒቷ ከቦርሳዋ አይለያትም አልኩ።

ሦስት እሑድ ዝም አልኩ። ማን ጠየቀኝ? ዝም አይነቅዝም ይባል የለ? ሰውዬው በየእሑዱ ዕቅዱን ሲያሰፋ፣ ጫካ ውስጥ የሚያድሩበትን የዛፍ ላይ ጎጆ ሲመርጥ፣ መነኮሳቱን ፎቶ ለማንሣት የት እንደሚቆም ሲያሳይ፣ እኔ ሾርባዬን እጠጣ ነበር። ባለቤቴ ሽፋኑ ላይ በትልቁ ላኦስ ብዬ የጻፍኩበትን ደብተር አገኘችው።

"የማንን ጉዞ ነው የምታጠናው?" አለችኝ።

"ለዕውቀት ነው።"

"ለዕውቀት!" ደብተሩን እንደ ሽሮ ወንፊት አራገበችው። "ሦስት ጊዜ እንድትለምንህ ነበር አይደል የፈለግከው? ሮም የተወለደች ልጅ! እዚህ አገር እኮ አውቶቡስ እንኳ አንዴ ካለፈህ አለፈህ ነው።"

ስለ ጭሱ የጻፍኩበትን ገጽ ግን አላየችውም፤ የእጅ ጽሕፈቴን ከእኔ በቀር የሚያነበው የለም።

በጥር መጨረሻ ሰውዬው እግር ማፍታታት ያስፈልጋል አለና ቅዳሜ ከሮም ወደ ሰሜን፣ ካስቴልኑቮ ዲ ፖርቶ በባቡር ሄድን። እኔ ለምን ሄድኩ? "ፕሮፌሶሬ፣ ና እንጂ" አለኝ። እምቢ አልኩ። "ና እንጂ" አለ ደግሞ። ሄድኩ። ልጄ ሁለተኛውን ጥያቄ ነፍጋኝ እሱ መስጠቱ ራሱ ቅናቴን ጨመረው።

ከከተማይቱ ወጥተን በወይራ ዛፎች መካከል ቁልቁል ወረድን። እሱ ከፊት፣ ልጄና ባሏ ከመሃል፣ እኔ ከኋላ። ወይራ የሚገረዝበት ወቅት ነበር። ከመንገዱ ዝቅ ብሎ አንድ ገበሬ የገረዘውን ቅርንጫፍ ክምር ለኩሶታል፤ እርጥብ ስለነበር ነጭ ጭስ ይወጣዋል። ነፋሱ ዞረና ጭሱን ወደ እኛ አመጣው።

ልጄ አንዴ ሳለች። ሁለቴ ሳለች። ከዚያ ቆማ ጉልበቷን ያዘች። ያን ትንፋሽ አውቀዋለሁ፤ በጠባብ ቀዳዳ የሚያልፍ ፉጨት ነው። ባሏ ቦርሳዋን ሲበረብር ሰውዬው ተመልሶ በክንዷ ያዛትና ነፋሱን ተሻግሮ ከፍ ወዳለው ቦታ አወጣት። እኔ በዚያ ጫማዬ ተንሸራትቼ ነበር። ስደርስ ድንጋይ ላይ ተቀምጣ መድኃኒቷን ሁለት ጊዜ ስባ፣ ፊቷ ገርጥቶ ትስቃለች።

"ለአንድ ክምር ወይራ ነው እንዲህ የሆንኩት" አለች። "ደህና ነኝ፣ አባባ። አይጨነቁ።"

አይጨነቁ ያለችው እኔን ነው።

"በመጋቢት አትሂዱ" አልኩ።

ሦስቱም አዩኝ። እንደ ተማሪ ቆሜ ሁሉንም ተናገርኩ። የሚቃጠለውን ጫካ፣ የሚጨሰውን ሸለቆ፣ በኅዳር ዝናቡ አልፎ ሰማዩ እንደሚጠራ። በጣልያንኛ ነበር የምናገረው፤ ሰውዬው እንዲሰማ። ልጄ የመለሰችልኝ በአማርኛ ነው፤ እሱ እንዳይሰማ።

"ይህን መቼ አነበቡ?"

መዋሸት ይቻል ነበር። ትናንት ብል ማን ያውቃል?

"ሦስት እሑድ አልፎታል።"

"ዝም ያሉት ለምንድን ነው?"

"ቀንቼ ነው" አልኩ። "በእሱ። እኔን አንዴ ብቻ ጠየቅሽኝ። እንድትለምኚኝ ፈልጌ ነበር።"

አባት ለልጁ እንዲህ ያለ ነገር መናገር እንደሌለበት አውቃለሁ። አባት እንዲህ ያለ ነገር ማድረግም የለበትም፤ መናገሩን ያመጣው ማድረጉ ነው።

"ምን ይላል?" አለ ሰውዬው።

"አባባ አጥንቶልን ነበር" አለች በጣልያንኛ፤ ሌላውን ዋጠችልኝ።

ሰውዬው ግንባሩን በመዳፉ መታ። "እኔ ስለ ወፍ እንጂ ስለ ጭስ አልጠየቅኩም! ዕድሜዬን ሙሉ እሳት ሳባርር የኖርኩ ሰው! ብራቮ፣ ፕሮፌሶሬ።" ትከሻዬን ጨብጦ ነቀነቀኝ። "ፕሮፌሶሬ" ያለው ከልቡ እንደሆነ ያኔ ገባኝ፤ ከመጀመሪያውም ከልቡ ነበር። ይህም አቃጠለኝ። በጎነቱ ከሳቁ የባሰ ያቃጥላል።

በባቡሩ ልጄ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዙራ ተቀመጠች። ለአሥር ቀን አልደወለችም። በአሥራ አንደኛው ቀን መጥታ ዱካዋ ላይ ተቀመጠች።

"አሎራ፣ እንግዲህ" አለች። "ወደ ኅዳር አዛውረነዋል። ደብተሩን አምጡ።"

አመጣሁ። እኔ አነበብኩላት፣ እሷ ስልኳ ላይ ጻፈች። መጀመሪያ ከተማው፣ ሰውነት እስኪለምድ። መነኮሳቱ ጋ ስትደርሱ የባልሽ አባት ከኋላ ይቁም፣ ካሜራው በኪሱ ይሁን፤ ምጽዋት የሚሰጥን ሰው ፎቶ አያነሡትም አልኳት። ቀጥሎ የሸማኔዎቹ መንደር፣ ከዚያ ጫካው፤ ጊቦኑ መጨረሻ ላይ፣ ሰው ዝም ማለት ከለመደ በኋላ። ስጨርስ ስልኳን ወደ ቦርሳዋ ከተተች። ስለ እኔ ምንም አላለችም። ተነሣች።

"እኔም ልምጣ?" አልኩ።

ዞረች። "አይ አባባ፣ እርስዎ ሽማግሌው እዚያ ምን ያደርጋሉ?"

ድምፄን ነው የቀዳችው፤ አንገቷን እንኳ እንደ እኔ ነው የሰበረችው። ጆሮዬ ጋለ።

"ልምጣ" አልኩ ደግሜ።

"ኧረ ይቅርብዎ፣ ይደክምዎታል።"

"ልጄ፣ ልምጣ።"

ሳቀች። ለጊቦኑ እንደሳቀችው አልነበረም፤ ያነሰ ሳቅ ነው፤ ግን እኔ ያወጣሁት ነው።

"አንድ ነገር ልንገርዎት" አለች። "የዛፍ ላይ ጎጆዎቹ ሁለት ሁለት ሰው ነው የሚይዙት። እኔና ባሌ በአንዱ ነን። እርስዎ ከእሱ ጋር ነው የሚያድሩት። ያንኮራፋል። ማለዳም ጊቦኖቹን ቀድሞ እሱ ነው የሚጮኸው። ይስማማዎታል? አንዴ ነው የምጠይቀው።"

"አይ፣ ለእኔ..." የሚለው ቃል ምላሴ ላይ ደርሶ ነበር። ስድሳ ዓመት የለመደ ምላስ ነው።

"እሺ" አልኩ።