እህት ያልነበራት አክስቴ

ከዴንቨር ጥግ ባለችው አውሮራ አያልነሽን የማያውቅ አበሻ ካለ፣ ገና ትናንት ከአውሮፕላን የወረደ ነው። እሱንም ቢሆን እስከ እሑድ ታገኘዋለች። ሎውሪ ሰፈር ባለ የአረጋውያን መጦሪያ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሠርታ ጡረታ ወጥታለች፤ ጡረታው ግን ለወጉ ነው። ማን ወለደች፣ ማን ታመመ፣ የማን እናት ከአገር ቤት መጣች፣ ሁሉም መጀመሪያ እሷ ዘንድ ይደርሳል። ስትቆጣ እጇን ወገቧ ላይ ታደርጋለች። ስታዝንም እንደዚያው ስለሆነ፣ ከሩቅ ላያት ሰው የትኛው እንደሆነ አይታወቅም።

እኔ አስቻለው እባላለሁ። ሃያ አምስት ዓመት ሙሉ የእህቷ ልጅ ሆኜ ኖሬአለሁ። አያልነሽ እህት ኖሯት አያውቅም።

የተገናኘነው ኮልፋክስ ጎዳና ላይ፣ አሥራ አምስት ቁጥር አውቶቡስ ውስጥ ነው። ዴንቨር ከገባሁ አሥራ አንደኛ ቀኔ ነበር፤ ውጭው በረዶ፣ እኔ የለበስኩት የአዲስ አበባ ስስ ጃኬት። ወለሉ ላይ ያስተኛኝ የነበረው ሰውዬ እስከ ዓርብ ልቀቅ ብሎኛል። አንዲት አጭር ሴት መጥታ አጠገቤ ተቀመጠችና ከእግሬ እስከ ራሴ አየችኝ።

"አበሻ ነህ?"

"አዎ።"

"ታዲያ ለምን እንደዚህ ትለብሳለህ? ልትሞት ነው የመጣኸው?"

መልስ እስካገኝ ድረስ አልጠበቀችም። የምትወርድበት ስትደርስ ክንዴን ይዛ አወረደችኝ። እሷ አንዲት ክፍል የተከራየችበት ቤት ባለቤት ወይዘሮ ስንዱ ናቸው፤ ጸሎተኛ ጴንጤ፣ ሕጋቸው እንደ ብረት። ቤዝመንቱ ባዶ ነበር። "ዘመድ የሌለው ወንድ አላስገባም" አሉ በሩ ላይ ቆመው። "አንድ ቀን ቢጠፋ ማንን እጠይቃለሁ?"

አያልነሽ ዓይኗን ሳታሽ፣ "የእህቴ ልጅ እኮ ነው" አለች።

"እህት ነበረሽ እንዴ?"

"ምነው፣ ሰው እህት አይኖረውም?"

ገባሁ። የአክስቴን ስም የሰማሁት የቤዝመንቱን ደረጃ ስንወርድ ነው።

ያኔ ለእኔ ስትል የዋሸች መስሎኝ ነበር። ዓመታት ሲያልፉ ለራሷም እንደሆነ ገባኝ። በአሥራ ሁለት ዓመቷ ሰው ቤት ልታገለግል ከደብረ ማርቆስ ወደ አዲስ አበባ ተላከች፤ ከዚያ ወዲህ ከአባቷ ወገን አንድም ሰው አላየችም። ባሏ ሞቷል፣ ልጅ አልወለደችም። እኔም ብሆን ጉለሌ የሰው ልብስ እያጠበች ያሳደገችኝን እናቴን የቀበርኩት በአሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ነው። ሁለት ዘመድ አልባዎች በአንድ ውሸት ተዛመድን።

ውሸቱ ግን ቀለብ ይፈልጋል። ወይዘሮ ስንዱ በማግስቱ፣ "የእናትህ ስም ማን ነው?" ብለው ሲጠይቁኝ አያልነሽ ከኩሽና "ትሁኔ!" ብላ ጮኸች። ከዚያ ቀን ጀምሮ እናቴ ትሁኔ ተሰማ ሆነች። ልጄ እድላዊት አራተኛ ክፍል ሳለች ፋሚሊ ትሪ፣ የዘር ሐረግ፣ ሳዪ ተብላ መጣች፤ አያልነሽ አጠገቧ ቁጭ ብላ የራሷን አባቶች አንድ በአንድ አስጻፈቻት። ልጄ ደስ ብሏት ተሰማ፣ ደምሴ እያለች በቃሏ ትወርድ ነበር። እኔ ሳህን እያጠብኩ ሰማሁ። የእውነተኛዋ እናቴ ስም እዚያ ወረቀት ላይ እንዳልነበረ አውቅ ነበር፤ ግን እንዴት ብዬ ልናገር? ኮሜርስ ሲቲ ባለ መጋዘን ሥራ ያስገባችኝ አያልነሽ ናት። ሳሌምን ሳገባ እንደ እናት የቆመችልኝ እሷ ናት። ወገቤን ተጎድቼ ስድስት ወር ስተኛ ከሥራዋ እየወጣች ልጆቼን ከትምህርት ቤት ያመላለሰች፣ ገንፎ ያበላችኝ፣ "ተነስ፣ ሰነፍ!" እያለች በዱላ አስደግፋ ያራመደችኝ እሷ ናት። እንዲህ ያለችውን ሰው አክስቴ አይደለችም ብሎ የሚናገር አፍ አልነበረኝም።

ባለፈው ዓመት እድላዊት ከነርሲንግ ትምህርቷ ጋር አንድ ሊዑል የሚባል ልጅ ይዛ መጣች። እዚሁ ዴንቨር ዳር፣ ሴንቴኒያል የሚኖር፣ ከሲያትል የመጣ፣ ሰው ፊት ሲናገር ጆሮው የሚቀላ ጨዋ ልጅ ነው። አያልነሽ ገና ስታየው ወደደችው። "ይኼ ልጅ ሳቁ የማውቀው ነው" አለች። ሳቅ ሁሉ ያው ነው ብዬ አለፍኩት።

አንድ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ እድላዊትን ለሊዑል ሊጠይቁ ሽማግሌዎች ቤቴ መጡ፤ አራት ነበሩ። መሪያቸው አቶ ውባየሁ ጡረተኛ ሾፌር ናቸው፤ ሙሽራ ከማየት ይልቅ ዘር መቁጠር የሚወዱ ሰው። እንደ ወጉ ከሰባት ቤት ወዲህ የተዛመደ አይጋባምና መጀመሪያ ይቆጠራል። በእኛ ወገን እኔ፣ ሳሌም፣ አያልነሽና ወይዘሮ ስንዱ ተቀምጠናል፤ ስንዱ በደስታም በሐዘንም ከጎናችን ጠፍተው አያውቁም።

የአባቴ ወገን ተቆጠረ፣ የሳሌምም ተቆጠረ። "በእናትህ በኩልስ?" አሉኝ አቶ ውባየሁ። አፌ ለምዶታል፤ ሳላስብ "ትሁኔ፣ ተሰማ፣ ደምሴ" አልኩ።

አቶ ውባየሁ እጃቸውን አቆሙ። "የትኛው ደምሴ?"

"የደብረ ማርቆሱ" አለች አያልነሽ ኮራ ብላ።

"የሊዑል አባት ዓለሙ ነው። ዓለሙ የመኩሪያ፣ መኩሪያ የደምሴ። መኩሪያ ደምሴ፣ የደብረ ማርቆስ አናጺ" አሉ አቶ ውባየሁ።

"ግራኙ?" አለች አያልነሽ። "አባቴን የሚከተለው? የእንጨት ፈረስ ሠርቶልኝ ነበር።"

በስልሳ ዓመት ውስጥ የመጀመሪያ የሥጋ ዘመዷን ማግኘቷ ነው። ፊቷ እንደ ሕፃን በራ። ወዲያው ደግሞ ጠፋ፤ ምክንያቱም አቶ ውባየሁ ጣታቸውን እየቆጠሩ፣ "በልጁ በሦስት፣ በልጅቷ በአራት ቤት ተገናኙ። ይህ ጋብቻ አይሆንም" ብለው ብድግ አሉ። ሦስቱም ተከትለው ተነሱ።

እድላዊት ከኩሽና በር ስታዳምጥ ኖሯል። "አባዬ፣ ዋት ዱ ዩ ሚን? ከዝንስ ነን? ዘመዳሞች?" አለች።

አያልነሽ አየችኝ። እንድናገር እየጠበቀች ነው። እኔ ምንጣፉን አየሁ። አንድ ቃል ብናገር ልጄ ትድናለች፤ ግን ያ ቃል ያቺን ሴት በሰው ፊት ውሸታም ያደርጋታል፣ እኔንም የማንም አይደለሁም ያሰኘኛል። ዝም አልኩ። እስከ ዛሬ አፍርበታለሁ።

እሷ ተነሳች። እጇን ወገቧ ላይ አደረገች።

"ተቀመጡ" አለች። "እህት የለኝም። ኖሮኝም አያውቅም። ይኼን ልጅ አውቶቡስ ላይ ነው ያገኘሁት። በረዶ ላይ እንዳይቀር ብዬ ዋሸሁ፤ ኋላ ስለጣመኝ ሳልተወው ቀረሁ።"

አቶ ውባየሁ በጥርጣሬ አዩዋት። "ወይዘሮ አያልነሽ፣ ሠርጉ እንዳይፈርስ ብለው ዛሬ የሚዋሹ ቢሆንስ? ይኼ እኮ ኃጢአት ነው።"

የሚመሰክር ከየት ይመጣል? እኔና እሷ ብቻ ነበርን የምናውቀው። ያኔ ወይዘሮ ስንዱ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

"እውነቷን ነው። ቤቴ በገባ ማታ ደረጃው ላይ፣ 'ይቅርታ እትዬ፣ ስምዎ ማን ነበር?' ብሎ ሲጠይቃት ሰምቻለሁ። የአክስቱን ስም የሚጠይቅ የእህት ልጅ አይቼ አላውቅም።"

"ያውቁ ነበር?" አልኳቸው። "ታዲያ ለምን አላስወጡኝም?"

"ዘመድ ያለው አምጪ አልኳት። እዚያው በር ላይ ዘመድ ሆነችህ። ከዚህ በላይ ምን ልጠይቃት?"

ሃያ አምስት ዓመት! ሁለቱ ሴቶች አንዷ ዋሽታ፣ ሌላዋ ሰምታ እንዳልሰማች ሆና ጣሪያ ሰጥተውኛል። ዓይኔ ሞላ። አልደበቅኩትም።

አቶ ውባየሁ ቀስ ብለው ተቀመጡ። "እንግዲያው እንደገና እንቁጠር። እናትህ ማን ናት?"

"አስካለ" አልኩ። "አስካለ ወልደ ጻድቅ።" ስሟን አሜሪካ ውስጥ ጮክ ብዬ ስጠራ የመጀመሪያዬ ነው። ትውልዷ ቡልጋ እንደሆነ፣ የአያቶቿንም ስም እሷ እንዳስጠናችኝ ተናገርኩ። ጣት ታጠፈ፣ ተዘረጋ። የትም አልተገናኘም። አያልነሽ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ፣ "አስካለ፣ ይቅር በይኝ፤ ስምሽን ሳልጠይቀው" አለች ለብቻዋ።

"ጋብቻው ይሆናል" አሉ አቶ ውባየሁ። ከዚያም ፈገግ ብለው፣ "ግን ወይዘሮ አያልነሽ፣ ደምዎ ያለው ከእኛ ወገን ነው። ዘመድ ከዘመዱ፣ አህያ ከአመዱ። ወደዚህ ይሻገሩ እንጂ!" አሏት።

ቀልድ ነበር። እሷ ግን ቦርሳዋን አነሳች። ከአጠገቤ ስትነሳ ጎኔ በረደኝ። ምንጣፉን ተሻግራ ከሽማግሌዎቹ መካከል ተቀመጠች፤ እግሯ መሬት አይደርስም። ይኸው፣ እውነተኛ ዘመዶቿን አገኘች፣ እኔ ቀረሁ አልኩ በልቤ።

አቶ ውባየሁ ልጅቷን ሊጠይቁ አፋቸውን ሲከፍቱ ክንዳቸውን ያዘችና ራሷ ቆመች። ሴት ሽማግሌ ሆና ስትቆም አይተው አያውቁም፤ ግን ማን ደፍሮ ያስቀምጣት?

"አስቻለው" አለችኝ። "እስከ ዛሬ ምንም ለምኜህ አላውቅም።"

እውነቷን ነው። ስሰጣት እንኳ አትቀበልም ነበር። ላመሰግናት በሞከርኩ ቁጥር ትቆጣኛለች።

"ዛሬ ግን እለምንሃለሁ" አለች። "ልጅህን ለልጃችን ስጠንና በእውነት እንዛመድ።"

ሳሌም አለቀሰች፣ ስንዱ ሃሌሉያ አሉ። እኔ ተነስቼ ምንጣፉን ተሻገርኩና ጉልበቷን ሳምኩ። አልተቆጣችኝም።

"ሰጥቻለሁ" አልኳት።